ብዙ ጣት በአንድ ስክሪን፦ የክራር መተግበሪያ እየሠራን የባለብዙ ንክኪ መረጃን በትክክል መያዝ

አንድ ጣት ብቻ የሚቀበል መተግበሪያ መሥራት ቀላል ነው። ጣቱ ያርፋል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይነሣል፤ በቃ። ሁለተኛው ጣት ሲጨመር ግን ያው ኮድ መሳት ይጀምራል። ምስሉ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዘላል፣ የተነሣ ጣት አሁንም እንዳረፈ ይቆጠራል፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ስልኩ ነው፤ ሲጣራ ግን ስልኩ የላከው መረጃ ትክክል ሆኖ፣ አንባቢው ኮድ የጣቶቹን ማንነት ሲያምታታ ይገኛል።

ለዚህ መመሪያ የመረጥኩት ምሳሌ ባለ 6 አውታር ክራር ነው። ፎቶ በሁለት ጣት ማጉላትና ማሳነስ የሁሉም መማሪያ ምሳሌ ነው፤ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ዝግጁ መሣሪያም ስላለው ጥሬ መረጃውን ሳታዩ ታልፉታላችሁ። ክራር አያሳልፋችሁም። ክራር በድርድር ሲመታ ጣቶች አውታሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ። በግርፍ ሲመታ ደግሞ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶችም መሰማት የሌለባቸውን አውታሮች ነክተው ያፍናሉ። ይህን ወደ ስክሪን ስናመጣው ረግተው የሚቆዩ በርካታ ጣቶችና በመካከላቸው በፍጥነት የሚያልፍ አንድ ጣት ይኖሩናል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም የተለያየ ትርጉም ይዘው።

የምንሠራው በአንድሮይድ ነው፤ ስለ አይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም) እና ስለ ፍላተር (ለሁለቱም ሲስተሞች መተግበሪያ መሥሪያ) መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። የፕሮግራም ስሞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ በተለመደው የላቲን አጻጻፋቸው ታገኟቸዋላችሁ። ስልኩ በአግድም ይያዛል። አውታሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጉ ስድስት መስመሮች ናቸው። የስክሪኑ ግራ ክፍል ማፈኛ፣ ቀኝ ክፍሉ መግረፊያ ነው።

ደረጃ 1፦ ስድስት አውታር፣ አንድ ቪው

ቪው ማለት ከስክሪኑ አንድ ክልል የሚይዝና ንክኪ የሚቀበል የመተግበሪያው ክፍል ነው። አውታሮቹ ስድስት ስለሆኑ ስድስት ቪው መሥራት ያምራል። አታድርጉት። በአንድሮይድ አንድ ጣት መጀመሪያ ያረፈበት ቪው ጣቱ እስኪነሣ ድረስ ባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ጣቱ ተንሸራቶ ከቪው ክልል ቢወጣ እንኳ መረጃው የሚላከው ወደዚያው ነው። ስለዚህ በስድስት ቪው በተሠራ ክራር ላይ ከላይ እስከ ታች ብትገርፉ መልእክቱ የሚደርሰው ለመጀመሪያው አውታር ብቻ ይሆናል። ከአንድሮይድ 3.0 ጀምሮ ሲስተሙ የተለያዩ ጣቶችን ለተለያዩ ቪዎች ከፋፍሎ ሊልክ ይችላል፤ ያም ቢሆን እያንዳንዱ ቪው የሚያየው የራሱን ጣቶች ብቻ ነው። ገራፊው ጣት ግን የትኞቹ አውታሮች እንደታፈኑ ማወቅ አለበት።

አንድ ቪው ሥሩ፣ ስድስቱን መስመሮች በኮድ ሣሉ፣ ከዚያ ኦን ተች ኢቨንት የተባለውን ፈንክሽን ተረከቡ። የመጀመሪያው ጣት ሲያርፍ ይህ ፈንክሽን «እውነት» ብሎ መመለስ አለበት። «ሐሰት» ከመለሰ ሲስተሙ ቪው ንክኪውን እንዳልፈለገው ቆጥሮ ቀሪውን ለሌላ ያስተላልፋል፤ እናንተም ማረፉን እንጂ መንቀሳቀሱንና መነሣቱን አታዩም። ክራሩ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሸበለል ገጽ ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ የመጀመሪያው ጣት እንዳረፈ ለወላጁ ቪው (ክራሩን ለያዘው ቪው) ሪኩዌስት ዲስአላው ኢንተርሴፕት ተች ኢቨንት የሚለውን ጥሪ አድርጉ። አለበለዚያ ግርፉ እንደ ሽብለላ ተቆጥሮ ወላጁ ይነጥቃችኋል።

ደረጃ 2፦ መልእክቱን ማንበብ

አንድሮይድ የንክኪ መረጃን የሚያቀብለው ሞሽን ኢቨንት በተባለ ጥቅል ነው። በአንዱ ሞሽን ኢቨንት ውስጥ በዚያ ቅጽበት በቪው ላይ ያሉ ጣቶች ሁሉ አሉ፤ ከነሱ ጋር ደግሞ ይህ መልእክት ለምን እንደተላከ የሚገልጽ አንድ ድርጊት አለ። ስክሪኑ ባዶ ሳለ የመጀመሪያው ጣት ሲያርፍ ድርጊቱ አክሽን ዳውን ነው። ሌላ ጣት ሲጨመር አክሽን ፖይንተር ዳውን ይሆናል። ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አክሽን ሙቭ፣ ከብዙ ጣቶች አንዱ ሲነሣ አክሽን ፖይንተር አፕ፣ የመጨረሻው ሲነሣ አክሽን አፕ ይመጣል። ስድስተኛው አክሽን ካንስል ነው፤ እሱን ለብቻው እናየዋለን።

እዚህ ላይ የሚያደናቅፉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ጥሬው ቁጥር ነው። ጌት አክሽን የሚመልሰው ቁጥር ሁለት መረጃ ተጨምቆበታል፤ ታችኛዎቹ 8 ቢቶች ድርጊቱን፣ ቀጣዮቹ 8 ቢቶች የጣቱን ተራ ቁጥር ይይዛሉ። የፖይንተር ዳውን ዋጋ 5 ነው፤ ሁለተኛው ጣት ተራ 1 ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ጥሬ ቁጥር ግን 256 እና 5 ተደምረው 261 ነው። ጥሬውን ከ5 ጋር የሚያወዳድር ኮድ ሁለተኛውን ጣት አያየውም። ከአንድሮይድ 2.2 ጀምሮ ጌት አክሽን ማስክድ ድርጊቱን፣ ጌት አክሽን ኢንዴክስ ተራውን ለየብቻ ስለሚሰጡ ጌት አክሽንን ጨርሶ እርሱት።

ሁለተኛው ሙቭ ነው። በሙቭ ጊዜ ጌት አክሽን ኢንዴክስ ሁልጊዜ 0 ይመልሳል፤ «የተንቀሳቀሰው የመጀመሪያው ጣት ነው» ማለት ግን አይደለም። ሙቭ የማንም ብቻ ስላልሆነ ሁሉንም ጣቶች ዞራችሁ መፈተሽ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ፖይንተር አፕ ነው። የተነሣው ጣት በዚያ መልእክት ውስጥ አሁንም ይቆጠራል። ሁለት ጣት ኖሮ አንዱ ሲነሣ ጌት ፖይንተር ካውንት 2 ይላል፤ 1 የሚለው በሚቀጥለው መልእክት ነው። የቀሩ ጣቶችን አማካይ ቦታ የሚያሰላ ኮድ የሚነሣውን ጣት ካልቀነሰ በዚያች ቅጽበት ይዘላል።

ደረጃ 3፦ ተራ ቁጥርና መለያ ቁጥር

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ይህ ነው፤ ሌላውን በፍጥነት ብታልፉት እንኳ እዚህ ቆዩ።

እያንዳንዱ ጣት ሁለት ቁጥሮች አሉት። ተራ ቁጥሩ ጣቱ በዚያ አንድ መልእክት ውስጥ ስንተኛ ሆኖ እንደተጻፈ ይናገራል። መለያ ቁጥሩ ጣቱ ካረፈበት እስኪነሣ ድረስ አብሮት ይቆያል። በባንክ ወረፋ ከፊታችሁ ያሉ ሰዎች ሲወጡ ቦታችሁ ይቀየራል፣ በእጃችሁ የያዛችሁት ቁጥር ግን አይቀየርም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። አንድሮይድ ራሱ በመጀመሪያ ሁለቱን አምታቶ ነበር። ተራውን የሚያወጣው ቋሚ ዋጋ ስሙ ላይ መለያ የሚል ተጽፎበት ስለነበር ኋላ ስሙ ተለውጦለታል።

አንድ ሙሉ ጉዞ እንከተል። ሀ የተባለው ጣት ያርፋል፤ ድርጊቱ ዳውን፣ ተራው 0፣ መለያው 0። ለ ያርፋል፤ ድርጊቱ ፖይንተር ዳውን፣ ተራው 1፣ መለያው 1። እስካሁን ተራና መለያ እኩል ስለሆኑ የተሳሳተ ኮድም በትክክል ይሠራል። አሁን ሀ ይነሣል፤ ፖይንተር አፕ፣ ተራ 0። በሚቀጥለው ሙቭ ውስጥ ያለው ለ ብቻ ነው፤ ተራው 0 ሆኗል፣ መለያው ግን እንደነበረው 1 ነው። በተራ ቁጥር የሚሠራ ኮድ ሀ ከነበረበት ቦታ ወደ ለ ቦታ በአንድ ጊዜ የተወረወረ ያህል ያያል፤ በክራራችን ላይ ማንም ያልገረፈው ግርፍ ይሰማል። ጉዞው አላለቀም። ሐ የተባለ አዲስ ጣት ያርፋል። አንድሮይድ ነፃ የሆነውን ትንሹን መለያ፣ ማለትም 0ን ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ተራ 0 ላይ ያስቀምጠውና ለ ወደ ተራ 1 ይመለሳል። አዲስ የመጣ ጣት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል ብሎ የጻፈ ሰው እዚህ ይወድቃል።

ከዚህ ሁለት ትእዛዝ ይወጣል። በመልእክቶች መካከል የምታስቀምጡት ነገር ሁሉ በመለያ ቁጥር ይቀመጥ፤ ተራ ቁጥር ከኦን ተች ኢቨንት አይውጣ። መለያ ቁጥሩ ደግሞ ጣቱ እንደተነሣ ለሌላ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ጣት ሲነሣ ስለ እሱ የመዘገባችሁትን ወዲያው ሰርዙ።

ደረጃ 4፦ የጣቶች መዝገብ

መዝገቡ 32 ቦታ ያለው ድርድር (አሬይ፤ የክራሩ ድርድር አይደለም) ይሁን፤ የአንድሮይድ መለያ ቁጥሮች ከ0 እስከ 31 ስለሆኑ ይበቃል። ሃሽ ማፕም (መረጃን በቁልፍ የሚያስቀምጥ መዝገብ) ይሠራል፤ ነገር ግን ካልተጠነቀቃችሁ አዳዲስ ዕቃዎች እየፈጠረ ማህደረ ትውስታ የሚያጸዳውን ክፍል ሊጠራ ይችላል፣ ያ ደግሞ ድምፅ ላይ መቆራረጥ ሊያመጣ ይችላል። እያንዳንዱን ቦታ የጣቱ ገጽ እንበለው፤ የሚጻፍበት ጣቱ አሁን መኖሩ፣ ሚናው፣ የመጨረሻ ቦታውና የመጨረሻ ጊዜው ነው።

አጻጻፉ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነው፦

መልእክት ሲደርስ፣ ድርጊቱን ከጌት አክሽን ማስክድ ውሰድ።
— ዳውን ከሆነ፦ መዝገቡን በሙሉ አጥፋ፤ ተራ 0 ላይ ያለውን ጣት በመለያው መዝግብ።
— ፖይንተር ዳውን ከሆነ፦ ጌት አክሽን ኢንዴክስ በሰጠህ ተራ ላይ ያለውን ጣት በመለያው መዝግብ።
— ሙቭ ከሆነ፦ በመልእክቱ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ተራ መለያውን በጌት ፖይንተር አይዲ ጠይቅ፤ የዚያን መለያ ገጽ አድስ።
— ፖይንተር አፕ ከሆነ፦ የተነሣውን ጣት መለያ ጠይቅ፤ ገጹን ሰርዝ።
— አፕ ወይም ካንስል ከሆነ፦ መዝገቡን በሙሉ አጥፋ።

በዳውን ጊዜ መዝገቡን ማጥፋት ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ባዶ መሆን አለበትና። ቢሆንም ተዉት። ሲስተሙ ዳውን ሲል «አዲስ ጉዞ ተጀመረ፣ ሌላ ጣት የለም» ማለቱ ነው፤ ከዚያ በፊት የቀረ ነገር ካለ ስሕተት ነው፣ ስሕተቱም እዚያው ይቁም።

ሞሽን ኢቨንቱን ራሱን ግን በመዝገብ አታስቀምጡ። አንድሮይድ ያንኑ ዕቃ መልሶ ለሌላ መልእክት ስለሚጠቀምበት፣ ጥቂት ቆይታችሁ ስታነቡት ውስጡ የሌላ ጣት መረጃ ታገኛላችሁ። የሚያስፈልጋችሁን ቁጥሮች ቀድታችሁ ውሰዱ፤ ሙሉውን ካስፈለገ ሞሽን ኢቨንት ኦብቴይን ቅጂ ይሰጣችኋል።

ደረጃ 5፦ የጣት ሚና ሲያርፍ ይወሰን

ማፈኛ ክፍል ያረፈ ጣት አፋኝ፣ መግረፊያ ክፍል ያረፈ ጣት ገራፊ ነው፤ ሚናው እስኪነሣ አይቀየርም። ገራፊው ጣት በግርፉ ስሜት ተስቦ ድንበሩን ቢሻገር ገራፊ ሆኖ ይቀጥላል። ሚናን በየቅጽበቱ ባለበት ቦታ የሚወስን ኮድ ድንበሩ ላይ ይዋልላል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ድንበሩን ሳይሆን መዝሙሩን ነው የሚያስበው።

በአውታሮቹ መካከል 60 ዲፒ ርቀት ስጡ፤ ዲፒ ስክሪኑ ቢጠጋጋም ቢሳሳም መጠኑ ያው የሚሆን የአንድሮይድ የርቀት መለኪያ ነው። ስድስቱ አውታሮች 300 ዲፒ ይይዛሉ፤ በአግድም የተያዘ አንድ የተለመደ ስልክ 360 ዲፒ ያህል ቁመት ስላለው ከላይም ከታችም 30 ይተርፋል። አውታሮቹ እንግዲህ በ30፣ 90፣ 150፣ 210፣ 270 እና 330 ላይ ይቀመጣሉ። ሁሉንም ስሌት በዲፒ አድርጉ። አንድሮይድ ቦታን በፒክሰል ስለሚሰጥ በስክሪኑ ጥግግት ማካፈል አለባችሁ፤ 480 ዲፒአይ ስክሪን ላይ 1 ዲፒ 3 ፒክሰል ነው።

አፋኝ ጣት በ36 ዲፒ ርቀት ውስጥ ያለውን አውታር ሁሉ ያፍን። አውታሩ ላይ በቀጥታ ያረፈ ጣት ያንን ብቻ ያፍናል፤ በሁለት አውታሮች መካከል ያረፈ ጣት ግን ከእያንዳንዳቸው 30 ዲፒ ስለሚርቅ ሁለቱንም ያፍናል። ይህ ለምቾት ብቻ የተጨመረ አይደለም፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ።

የታፈኑ አውታሮችን ዝርዝር ለብቻው አታስቀምጡ። ጣት ሲያርፍ አንድ መጨመር፣ ሲነሣ አንድ መቀነስ የሚል ቆጣሪ አንድ መልእክት ባመለጠ ቀን ይዛነፍና አውታሩ መተግበሪያው እስኪዘጋ ድረስ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። አውታር ሲመታ ጥያቄውን ከመዝገቡ እንደ አዲስ ጠይቁ፦ «በዚህ አውታር አጠገብ አፋኝ ጣት አለ?» ጥቂት ጣቶችን መፈተሽ ለስልኩ ምንም አይደለም። አፋኝ ጣት ሲያርፍና ሲንቀሳቀስም በዚያች ቅጽበት እየጮኸ ያለውን አውታር ጸጥ ማሰኘት አትርሱ፤ እውነተኛው ክራር ላይም እንዲሁ ነው።

ደረጃ 6፦ ግርፉን መያዝ

ጀማሪ የሚጽፈው ፍተሻ «ጣቱ አሁን አውታሩ ላይ ነው?» የሚል ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጣት ይሠራል። ግርፍ ግን ፈጣን ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚዘግብ ከሆነ፣ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ጣት በሁለት ዘገባዎች መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ይህም በአውታሮቻችን መካከል ካለው ርቀት ይበልጣል። ጣቱ አውታሩ ላይ ሆኖ የሚታይበት ቅጽበት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «በቀድሞው ቦታና በአሁኑ ቦታ መካከል የትኞቹ አውታሮች አሉ?» መሆን አለበት።

ወደ ታች ሲሄድ ከቀድሞው ቦታ የሚበልጡና ከአሁኑ የማይበልጡ አውታሮችን ውሰዱ፤ ወደ ላይ ሲሄድ ከቀድሞው የሚያንሱና ከአሁኑ የማያንሱትን። የመነሻው ጫፍ እንዳይቆጠር፣ የመድረሻው ግን እንዲቆጠር ማድረጋችን አውታሩ ላይ በትክክል የቆመ ጣት ጉዞውን ሲቀጥል ያንኑ አውታር ሁለት ጊዜ እንዳይመታ ነው። ክራርን በድርድር መምታትም በዚሁ ሕግ ያልፋል፤ አንድ አውታር ብቻ መሻገር ነው።

ከዚያ ጊዜውን አስሉ። ጣቱ በ1000ኛው ሚሊ ሰከንድ 60 ላይ ነበር፣ በ1012ኛው 180 ላይ ደረሰ እንበል። በመንገዱ 90 እና 150 ላይ ያሉትን አውታሮች ተሻግሯል። የተጓዘው 120 ነው፤ የመጀመሪያው አውታር ከመነሻው 30 ይርቃል፣ ማለትም ሩብ መንገድ፤ ሁለተኛው 90 ይርቃል፣ ሦስት አራተኛ መንገድ። ስለዚህ አንደኛው በ1003፣ ሁለተኛው በ1009 ተመቷል። ያለፈውን ጊዜ መመለስ አይቻልም፤ በመካከላቸው ያለውን 6 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ ግን ይቻላል። የመጀመሪያውን ወዲያው፣ ሁለተኛውን ከ6 ሚሊ ሰከንድ በኋላ አሰሙ። ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ብታሰሙ ግርፉ ግርፍ መሆኑ ይቀርና የአንድ ቁልፍ ድምፅ ይመስላል።

የድምፁን ብርታት ከግፊት ልውሰድ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጌት ፕሬዠር የሚባል ጥሪ አለ፤ ነገር ግን የአብዛኛው ስልክ ስክሪን ግፊትን አይለካም። ወይ ሁልጊዜ 1 ይመልሳል፣ ወይ ከጣቱ ስፋት ገምቶ ይሰጣል። ፍጥነትን ተጠቀሙ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 120 ለ12 ሲካፈል በሚሊ ሰከንድ 10 ዲፒ ነው፣ ብርቱ ግርፍ።

አንድ ነገር ይቀራል። ስክሪኑ መረጃ የሚሰበስብበት ፍጥነት ምስል ከሚታደስበት ፍጥነት ሊበልጥ ይችላል። አንድሮይድ በመካከል የተሰበሰቡትን ቦታዎች አይጥላቸውም፤ በአንዱ ሙቭ ውስጥ ታሪክ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ብዛታቸውን በጌት ሂስትሪ ሳይዝ፣ ቦታቸውን በጌት ሂስቶሪካል ኤክስና ዋይ፣ ጊዜያቸውን በጌት ሂስቶሪካል ኢቨንት ታይም ታገኛላችሁ። ከጥንቱ ወደ አዲሱ በቅደም ተከተል አንብቧቸው፣ የአሁኑን ቦታ መጨረሻ ላይ። መዘግየቱንም መቀነስ ከፈለጋችሁ ከአንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ሪኩዌስት አንበፈርድ ዲስፓች የሚል ጥሪ አለ፤ ዳውን ሲመጣ ከጠራችሁት ሲስተሙ ሙቮቹን ሳያጠራቅም እንደደረሱ ይልካቸዋል። ለሥዕል መተግበሪያ ታሪኩ ይበቃል፤ ለሙዚቃ መሣሪያ ይህኛው ይሻላል።

አውታሩ አጠገብ የቆመ ጣት ደግሞ በጥቂት ፒክሰል መንቀጥቀጡ አይቀርም። ጣቱ አንድን አውታር ከመታ በኋላ ቢያንስ 6 ዲፒ ሳይርቀው ያንኑ አውታር እንደገና አይምታ።

ደረጃ 7፦ ካንስል

ካንስልን ችላ የሚል ኮድ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ጤናማ ነው፤ ሰው እጅ ሲገባ ይታመማል። ካንስል ማለት «የጀመርኩትን ጉዞ ከእናንተ ወስጃለሁ፣ የመነሣት መልእክት አትጠብቁ» ማለት ነው። ወላጅ ቪው ሲነጥቅ ይመጣል። ተጠቃሚው ከስክሪኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ጠርጎ ወደ ኋላ የመመለሻውን ምልክት ሲያደርግም ይመጣል። በርካታ ስልኮች ሦስት ጣት ወደ ታች ሲጠረግ የስክሪን ፎቶ ያነሣሉ፤ የእኛ አፋኝ ጣቶች ደግሞ ሦስት ሆነው አብረው ወደ ታች ሊንሸራተቱ ይችላሉ። በአገራችን ገበያ ከሚሸጡት ስልኮች ይህ ባሕርይ ያላቸው ብዙ ስለሆኑ የመተግበሪያው መግቢያ ላይ ተጠቃሚው ከስልኩ ቅንብር እንዲያጠፋው ንገሩት፤ ከኮድ ማጥፋት አትችሉም።

በካንስል ጊዜ መዝገቡን አጥፉ፣ ለኋላ የተቀጠሩ፣ ገና ያልተሰሙ ድምፆችን ሰርዙ። በአፕ ጊዜ የምትሠሩትን የማጠቃለያ ሥራ ግን አትሥሩ፤ ተጠቃሚው አላጠናቀቀምና። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ደግሞ ሲስተሙ አንዱ ንክኪ መዳፍ እንደሆነ ሲገባው ያንን ብቻ በፖይንተር አፕ ሊያስወጣ ይችላል፤ መልእክቱ ላይ ፍላግ ካንስልድ የሚል ምልክት ያደርግበታል። ምልክቱ ካለ ያ ጣት ያደረገውን እንዳልተደረገ ቁጠሩት።

ለጠርዙ ችግር አንድሮይድ 10 ሴት ሲስተም ጀስቸር ኤክስክሉዥን ሬክትስ የሚል መውጫ ሰጥቷል፤ «በዚህ ክልል የኋላ መመለሻው አይሥራ» ትሉታላችሁ። የሚፈቀደው ግን በአንድ ጠርዝ 200 ዲፒ ቁመት ብቻ ነው፤ የእኛ አውታሮች 300 ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማፈኛ ክፍሉን ከግራው ጠርዝ 32 ዲፒ ያህል ወደ ውስጥ ግፉት፤ ጠርዙ ላይ የክራሩን ቀንበር ብትሥሉበት ያምራል፣ ጣትም አያርፍበትም።

ደረጃ 8፦ ስልኩ ስንት ጣት ያያል?

ባለ 6 አውታር ክራር ላይ አንድ አውታር ብቻ ለማሰማት አምስቱን ማፈን ያስፈልጋል። ከገራፊው ጋር ስድስት ጣት። አንድሮይድ ስልኮች የንክኪ አቅማቸውን በደረጃ ያሳውቃሉ። የመጀመሪያው መልቲተች ነው፤ ሁለት ጣትን ያህል ይከታተላል፣ ሁለቱን ለየብቻ መከታተሉን ግን አያረጋግጥም። ሁለተኛው ዲስቲንክት፣ ሁለት ጣቶችን ሳያምታታ የሚከታተል ነው። ሦስተኛው ጃዝሃንድ የሚል ቀልደኛ ስም ያለው፣ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ጣት የሚያይ። ሁለተኛው ደረጃ ያስፈለገው በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከወጡ ስልኮች አንዳንዶቹ ሁለት ጣቶች በቁመት ወይም በአግድም ሲተላለፉ የአንዱን ቦታ ለሌላው ይሰጡ ስለነበር ነው።

እንግዲህ ከፍተኛው ደረጃ እንኳ ቃል የሚገባው አምስት ነው፤ ስድስተኛው ጣት ላይታይ ይችላል። አንድ ጣት በሁለት አውታሮች መካከል አርፎ ሁለቱን እንዲያፍን ያደረግነው ለዚህ ነው፤ በሦስት አፋኝ ጣቶች አምስት አውታር ይዘጋል። መተግበሪያው ሲከፈት በሃዝ ሲስተም ፊቸር ጠይቁ። ጃዝሃንድ ከሌለ ማፈኛውን ወደ መንካትና መልቀቅ ለውጡት፤ አንዴ ሲነካ አውታሩ ይታፈናል፣ ደግሞ ሲነካ ይለቀቃል። ክራርነቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ከማይሠራ ይሻላል።

ደረጃ 9፦ መቅዳትና ደግሞ ማጫወት

የባለብዙ ንክኪ ስሕተት በሁለት እጅ ስልክ ይዞ ሲጫወቱ የሚፈጠር ስለሆነ ኮዱን አቁሞ መመርመር አይቻልም። መፍትሔው መቅዳት ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት ጊዜውን፣ ድርጊቱን፣ የድርጊቱን ተራ፣ ከዚያም የእያንዳንዱን ጣት መለያና ቦታ በአንድ መስመር መዝግቡ። በኦን ተች ኢቨንት ውስጥ ፋይል አትጻፉ፤ ማህደረ ትውስታ ውስጥ አጠራቅማችሁ ጨዋታው ሲያበቃ ጻፉት። መዝገቡንና የግርፍ ስሌቱን ከቪው ለይታችሁ ቁጥር ብቻ በሚቀበል ክላስ ካስቀመጣችሁ፣ የተቀዳውን ፋይል ያለ ስልክ ኮምፒውተር ላይ ማጫወትና የሚወጡትን ድምፆች ዝርዝር ማወዳደር ትችላላችሁ። የደረጃ 3ን የሀ፣ የለ እና የሐ ጉዞ የመጀመሪያ ፈተናችሁ አድርጉት።

ስልኩ ላይ ደግሞ የዴቨሎፐር አማራጮችን ክፈቱ፤ የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ መንካት ነው። እዚያ ፖይንተር ሎኬሽን የሚለውን ስታበሩ የእያንዳንዱ ጣት መንገድ ስክሪኑ ላይ ይሣላል። አንድ ጣት እዚያም ካልታየ ችግሩ ከኮዳችሁ በታች ነው። ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስለው ኢሙሌተር ኮንትሮል ቁልፍ ሲያዝ ሁለት ጣት ያስመስላል፤ ለክራር አይበቃም። ቻርጀር የተሰካበትን ስልክም ሞክሩ። ጥራቱ የወረደ ቻርጀር የሚያመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ስክሪኑን ግራ አጋብቶ የሌሉ ጣቶችን ያሳያል፤ ተጠቃሚ «ብቻውን ይመታል» ብሎ ሲጽፍላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው።

ወደ አይኦኤስና ፍላተር ሲሻገሩ

መዝገቡ ያው ነው፤ የሚለየው መለያው ነው። በአይኦኤስ መጀመሪያ የቪውን ኢዝ መልቲፕል ተች ኢኔብልድ ወደ እውነት ለውጡ፤ ካልነካችሁት ሐሰት ስለሆነ ቪው ከአንድ ጣት በላይ አያይም። መለያ ቁጥር የለም፤ ጣቱ እስኪነሣ ድረስ ዩአይ ተች የተባለው ዕቃ ራሱ ስለማይቀየር እሱን መለያ አድርጉት። ተችስ ሙቭድ የሚያቀብላችሁ የተቀየሩትን ጣቶች ብቻ ነው፤ የአንድሮይድ ሙቭ ሁሉንም እንደሚያመጣ ለምዳችሁ የጎደሉትን እንደተነሡ አትቁጠሩ። የታሪኩ አቻ ኮአለስድ ተችስ ነው፤ ከአይኦኤስ 9 ጀምሮ አለ።

በፍላተር ጀስቸር ዲቴክተርን ትታችሁ ሊስነር የተባለውን ተጠቀሙ፤ ጥሬ መረጃ የሚሰጠው እሱ ነው። እያንዳንዱ መልእክት የአንድ ጣት ብቻ ስለሆነ የተራ ቁጥር ጣጣ የለም። ፖይንተር የሚለው ቁጥር ግን እንደ አንድሮይዱ መለያ ተመልሶ ጥቅም ላይ አይውልም፤ ጣት ባረፈ ቁጥር አዲስ ይሰጣል። ስለዚህ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ቁጥሩ 32 ቦታ ካለው ድርድራችን ያልፍና ስሕተት ይነሣል፤ እዚህ ማፕ ተጠቀሙ፣ ጣቱ ሲነሣና ሲሰረዝም ከማፑ አውጡት።